አባትሽ ተኝቷል

እንቅልፍ ከዚች ልጅ ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል፤ ሽማግሌ ቢላክበት እንኳ የሚታረቅ አይመስልም። አሁንም መስኮቱ ነጥቷል፣ ወፎቹ ተነሥተዋል፣ የዚህ አገር ወፎች ደግሞ ሲንጫጩ ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች እንጂ ወፍ አይመስሉም፣ እሷም ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ ጣሪያው ላይ ያለችውን ስንጥቅ ከማጥናቷ ብዛት ፈተናው ስለ ስንጥቋ ቢሆን ኖሮ መምህሩን ራሱን ታስተምረው ነበር፤ ፈተናው ግን ስታትስቲክስ ነው፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ጅራቱን እየጎተተ የመጣው ትልቁ ፈተና፣ እሷ ደግሞ አስባ አስባ የምትደርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አባዬ አለ ወይስ የለም። ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሐሳብ እንደ ደመና ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፣ አትከተሉት፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት ብላ ነበር የዩኒቨርሲቲው የትንፋሽ መምህርት። እሺ፣ የሌሎቹ ደመና ይሁን። የሷ ሐሳብ ግን ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና ነው፣ መጥቶ አባቷ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ጥሩምባውን ያንባርቃል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

አባቷ ጎሚስታ ነው። ነው ወይስ ነበር? ነው ትላለች፣ ነበር የምትባለዋ ቃል በአፏ እንዳትገባ ጥርሷን ትነክሳለች። ጎሚስታ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት፣ ሌላው ሰው ጎማ ይጠግናል፣ እሱ ግን ያክማል። በሽተኛው ካላማደሪያ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ይመጣለታል፣ ይነፋዋል፣ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ አረፋ ብልጭ ያለችበት ቦታ ላይ ጣቱን ጫን ያደርግና “አገኘሁሽ!” ይላል ቀዳዳይቱን፣ ሌባ እንደያዘ ሰው። ጆሮውማ አይወራም። ከመንገዱ ማዶ የምታልፍ ብስክሌት የኋላ ጎማዋ ለመተንፈስ ስንት ቀን እንደቀረው ከወንበሩ ሳይነሣ ይሰማል፣ ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ይምላል፣ የማይምል ካለ ጎማ የሌለው ነው። እሷን “መንፊያዬ” ይላታል፣ ስታለቅስ ጉንጯ ይነፋ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳፋው አጠገብ በተገለበጠ ቸርኬ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እጁ በጥቁር ቅባት ተለውሶ ስለማይነካት በክርኑ ራሷን ይዳስሳታል፣ ያ ክርን፣ ያ የጎማና የማስቲሽ ሽታ፣ እዚህ ይህን ሽታ ፍለጋ አንድ ቀን የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብታ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስትዞር ሻጩ ምን ልርዳሽ ቢላት ምን ትበለው፣ አባቴን አለችው በልቧ፣ በአፏ ግን ዝም ብዬ እያየሁ ነው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ዩኒቨርሲቲው ሴቶቹ ተማሪዎች በጭንቀት አለቁ የሚል ወሬ ደረሰው። እውነትም አልቀዋል። ረጅሟ ልጅ ፈተና በደረሰ ቁጥር ቅንድቧን እየነጨች ጨርሳ አሁን በዓይን ኩል ነው የምትስለው፣ አንዳንድ ጠዋት አንደኛውን ረስታው ትመጣለች፣ ያን ቀን ግማሽ ፊቷ ያዘነ ግማሽ ፊቷ የተገረመ ይመስላል፤ ባለ ትልቅ መነጽሯ ደግሞ መጽሐፍ ስትገልጥ ይነስራታል፣ የተዋሰችው መጽሐፍ ሲመለስ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጓንት ሳያጠልቅ አይቀበልም ይባላል። እና ዩኒቨርሲቲው አወጣ አወረደ፣ በመጨረሻ አንዲት መምህርት ቀጥሮ በየሳምንቱ ተሰብስባችሁ ተንፍሱ አላቸው። መተንፈስ! ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርሽው፣ ትንፋሽማ እዚህም ነበረልሽ፣ ትላት ነበር እናቷ ብትሰማ። ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ ዓይን ይጨፈናል፣ የመምህርቷ ድምፅ የታመመ ሕፃን ያስተኛል፣ አሁን ምን ይሰማችኋል፣ ስሙን ጥሩት፣ ከሰውነታችሁ የት ጋ ነው፣ ትላለች።

“ሆዴ ጋ” አለች ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ።

“ሆድሽ ምን ሆነ?”

ባባ ልትል ነበር። ይህን በእነሱ ቋንቋ ገለበጠችው፣ አገላበጠችው፣ እምቢ ሲላት ሆዴ ለሰለሰ አለች። መምህርቷ ከልቧ አዘነችላትና ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ጠርታ የመድኃኒት ቤቱን መንገድ አሳየቻት።

ጥሩ ሰው ናት መምህርቷ፣ አይፈረድባትም። ግን ትንፋሻችሁን አድምጡ ስትል ሌሎቹ የየራሳቸውን ያደምጣሉ፣ ይቺ የምትሰማው ስልክ ውስጥ ያለውን ነው፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የሁሉም ትንፋሽ አለ፣ የእናቷ አለ፣ የእህቷ አለ፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር አለ፣ የአንድ ሰው ብቻ ጠፍቷል። ትደውላለች። እናቷ ታነሣለች።

“አባዬስ?”

“አባትሽ ተኝቷል።”

“በዚህ ሰዓት?”

“ደክሞት ነው። ይልቅ በልተሻል?”

ሌላ ቀን ሆን ብላ በቀትር ትደውላለች፣ ታናሽ እህቷ ናት ያነሣችው። “አባዬስ?” “ውይ፣ አሁን ወጣልሽ! ገና በሩ ላይ ነው።” “በሩ ላይ ከሆነ ጥሪያ!” “አይ፣ ሮጦ ነው የወጣው።” አባቷ! ያ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንጫጫ ሰው፣ እሳት ቢነሣ እንኳ መጀመሪያ ባርኔጣውን ፈልጎ የሚወጣ ሰው፣ ሮጦ! አጎቷ ዘንድ ደወለች፣ አጎቷ “ድምፁ ተዘግቶ ነው፣ ጉንፋን” አለ፣ ወዲያው ስልኩን የቀማችው እናቷ “ደህና ነው፣ ተኝቷል” አለች፣ ጉንፋኑን አልሰማችም መሰለኝ አለ አጎቷ ከኋላ። አንድ ሰው ልጁ በደወለች ቁጥር ተኝቶ ወይም ሮጦ የመገኘቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ ቢመጣ ዩኒቨርሲቲውን በእንባ የታሸ ትክክለኛ መልስ ታስጎበኘው ነበር።

ጠይቂያ፣ ይላታል አንዱ ልቧ። አባዬ ሞቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሌላው ልቧ አፏን በእጁ ይከድነዋል። ካለስ? በሕይወት ካለና ይህን ብትል፣ በገዛ አፏ ገደለችው ማለት አይደል፣ እናቷ “ሟርተኛ! አፍሽ ይሰበር” ብላ እስከ ዕድሜ ልኳ አትምራትም። ከሌለ ደግሞ አይነግሯትም። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም፣ ያውም ለብቻዋ ላለች ልጅ፣ ያውም ለፈተና ለምትቀመጥ ልጅ፤ ሰው ይፈለጋል፣ ሁለት ሦስት ሆነው በማለዳ ይሄዳሉ፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ወሬው ከሌላ አፍ ሳይቀድማቸው፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ይዘው። እስከዚያው ድረስ ሟች ይተኛል፣ ይወጣል፣ ይሮጣል፣ ጉንፋን ይይዘዋል። እሷ ራሷ በልጅነቷ አንዲት አረብ አገር ላለች የጎረቤት ልጅ “እናትሽ ገበያ ናት” ብላ በስልክ ዋሽታ የለም እንዴ፣ እናትየዋ ከተቀበረች ወዲያ፣ ምን ዓይነት ረጅም ገበያ ነው ብላ ያቺ ልጅ ስንት ቀን አስባ ይሆን፣ አሁን ነው የገባት።

ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን የሰማችው ኮሪደር ላይ እየሮጠች ነው። ትሮጣለች፣ ቦርሳዋ ይንሸራተታል፣ ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ነው። “መንፊያዬ! ስሚማ አንድ ጉድ ልንገርሽ፣ ዛሬ የመጣልኝ ጎማ፣ ውስጡ ምን ባገኝ ጥሩ ነው?” “አባዬ፣ ክፍል ልገባ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ።” “ግቢ ግቢ! ትምህርት ይቅደም፣ ጉዱ የትም አይሄድም።” በኋላ አልደወለችም፣ ጥናት ነበረባት፣ በማግስቱም ጥናት ነበረባት፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው መተኛት ጀመረ። ጎማው ውስጥ ምን ነበር? ጫማ? እባብ? የሰው የወርቅ ጥርስ? ለሱ ሲሆን ምንም አይቀርም፣ አንድ ጊዜ ከአንድ ጎማ ውስጥ ዶሮ ከነእንቁላሏ አወጣሁ ብሏል፣ ሁሉም ስቋል፣ እሷ ግን አምናው ነበር፣ አሁንም ታምነዋለች፣ አሁን ብቻ ጉዱን ይንገራት፣ ፈተናው ገደል ይግባ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ እስከ ማታ ትሰማዋለች።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት መምህርቷ የቤት ሥራ ሰጠች። እስከ ሰኞ ጠዋት ስልካችሁን ዝጉ፣ ከራሳችሁ ጋር ተቀመጡ፣ ስሜታችሁን ተመልከቱ አለቻቸው። ልጆቹ ተንጫጩ። “ለእናቴ ልንገራት አይደል?” አለች አንዷ። “ላንቺ እናት ቀርቶ ለኔ ድመት መንገር አለብኝ” አለች ረጅሟ። ይቺ ግን ለማንም አልተናገረችም። ዘጋችው፣ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ካልሲዎቹ ሥር ቀበረችው፣ ቀበረችው የሚለው ቃል ሲመጣባት መልሳ አውጥታ ላይ ላዩን አስቀመጠችው። ደስ አላት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አይዋሻትም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ተኝቷል አይላትም። በደስታዋም አፈረች። ስሜቷን ተመለከተች፣ ስሜቷም ተመለከታት፣ ተፋጠው ዋሉ፣ ተፋጠው አደሩ፣ ማንም ዓይኑን ቀድሞ አልሰበረም፤ እና ይኸው ሰኞ ነጋ።

ውሃ ልትጠጣ ትነሣለች። ብርጭቆውን ይዛ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ከታች፣ በረጠበው የእግር መንገድ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ።

ታውቃቸዋለች። በዚህ ከተማ የሷን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ፊተኛው ልብስ ሰፊው ነው፣ ሽማግሌው፣ የመጣች ቀን የተቀበላት፣ ከተኛ ፀሐይ ራሷ ገብታ ካልጎተተችው የማይነሣ ሰው፤ ቀጥላ ፀጉር ሠሪዋ፣ ሁልጊዜ እንደ በቀቀን ደምቃ የምትለብሰው ሴትዮ፣ ዛሬ ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች፤ ኋለኛው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው፣ የሥራ ልብሱን ለብሷል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። በማለዳ። ሦስት ሆነው። ከሕንፃው ሥር ይቆማሉ፣ ይንሾካሾካሉ፣ ወደ መስኮቶቹ ቀና ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ አንዱን ቅደም ይለዋል፣ ማንም አይቀድምም። ልብስ ሰፊው ሹፌሩን ይገፋዋል፣ ሹፌሩ ፀጉር ሠሪዋን ያሳያል፣ ፀጉር ሠሪዋ አንገቷን ትነቀንቃለች።

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ሰባራውን በባዶ እግሯ ረግጣ መውጣቷን ኋላ ነው ያወቀችው። በሩን ሳይንኳኳ በረገደችው፣ ሦስቱ ገና የደረጃው አናት ላይ ናቸው፣ ያኔ ያ ሁሉ ተነክሶ የቆየ ጥርስ ተከፈተ።

“አባዬን! አባዬን! ወይኔ አባቴን!”

ያ ሕንፃ መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ መኪና ሳይቀር ቆመ ይባላል። ሦስቱ ደረጃው ላይ ደርቀው ቀሩ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

“ማን ነገረሽ፣ ልጄ?” አለ።

ለቅሶዋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

“ጋሼ!” ፀጉር ሠሪዋ በክርኗ ጎኑን መታችው።

“ምን አጠፋሁ? አውቃለች እኮ! አልሰማሽም ስታለቅስ?”

“እኛ ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው? አንተ ሰውዬ! ለዚህ ነው?”

“ለምንድን ነው የመጣችሁት?” አለች ልጅቷ። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር።

መለሱላት፣ ሦስቱም ባንድ ጊዜ፣ እርስ በርስ እየተቋረጡ። ስልኳ ተዘግቶ። ከዓርብ ጀምሮ እናቷ ብትደውል፣ እህቷ ብትደውል፣ አጎቷ ቢደውል፣ ዝግ! “እናትሽ ልጄ ሞታ ደብቃችሁኝ ነው ብላ ሰፈሩን አስለቀሰችው” አለ ሹፌሩ፣ “እግዜር ያሳይሽ፣ አንቺን ሊያለቅስ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል።” አጎቷ ለልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ለፀጉር ሠሪዋ፣ ፀጉር ሠሪዋ ለሹፌሩ፣ ሂዱና አለች ወይስ የለችም እዩልን ተብለው ነው የመጡት፣ ቅደም ቅደም የተባባሉትም የሬሳ በር ማንም ቀድሞ ማንኳኳት ስለማይወድ ነው። “ያንን ነገርማ” አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ “ከፈተናዋ በኋላ ይነገራት ተብሎ፣ እኔም ልጠራሽ፣ ራስሽን ልሠራሽ፣ ቀስ ብዬ…” እና እጇን መልሳ አፏ ላይ ጫነች፤ ዘግይታለች።

“ሕመም የለ፣ ስቃይ የለ” አለ ልብስ ሰፊው፣ ባርኔጣውን በጣቶቹ እያዞረ። “ሥራው ላይ ነው አሉ። ከሳፋው አጠገብ ቁጭ እንዳለ። ደንበኛው አቀርቅሮ እያዳመጠ መስሎት ብዙ ጠበቀው።”

ደግፈው አስገቧት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፣ እሱም መጽሐፍ ተቆልሎበታል፣ ስለዚህ መሬት ተቀመጡ፣ ፀጉር ሠሪዋ የልጅቷን የቆሰለ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በጥቁሩ ሻርፕ ጠመጠመችላት፣ ሹፌሩ ከካልሲዎቹ መሀል ስልኩን አውጥቶ ከፈተው፣ ስልኩም የተነካ የንብ ቀፎ ሆነ።

“አለሽ?” አለች እናቷ።

“አለሁ፣ እማዬ።”

“እውነት አንቺ ነሽ? ተናገሪ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ።”

“እኔ ነኝ።”

“አንቺ ጨካኝ! ስልክ ይዘጋል? በሬ የሚያርድ ልብ ነው ያለሽ፣ እንኳን ሰው መሆንሽን እንኳን ልጄ መሆንሽን…” ስድቡ ገና መንገድ ይዞ ነበር፣ አገር ምድሩን ሊያዳርስ ነበር፣ ልጅቷ ግን በመሀል አንድ ቃል ጣል አደረገች።

“ነገሩኝ።”

ከዚያ ማዶ የሰው ጫጫታ ይሰማ ነበር፣ እሱም ቀስ በቀስ ሞተ። የእናቷም ድምፅ አነሰ።

“ማን አለ አጠገብሽ?”

“ሦስት ሰዎች።”

“ሦስት ብቻ?”

ያን ጊዜ ነው እናት አምርራ ያለቀሰችው። ለሱ የወጣው ሰው መንገድ ዘግቶ ነበር፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ተሰልፈው ጥሩምባ እየነፉ ነው የሸኙት፣ ጎማው ተኝቶበት የማያውቅ ሰው ሁሉ ሳይቀር መጥቷል፣ ልጁ ግን፣ የገዛ መንፊያው፣ በሰው አገር፣ ሦስት ብቻ!

ኮሪደሩ ላይ በሮች ይከፈታሉ። መጀመሪያ ረጅሟ መጣች፣ ዛሬ ሁለቱንም ቅንድቦቿን አልሳለችም፣ ፊቷ ላይ የሚታየው ራሷ ብቻ ናት። ከኋላዋ ባለ ትልቅ መነጽሯ፣ ከሷ ኋላ ስማቸውን የማታውቃቸው፣ በእንቅልፍ ልብስ፣ እርጥብ ፀጉር፣ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ የሰካች። ሹፌሩ በቋንቋቸው “አባቷ” አላቸው። የሁሉም ፈተና ያው ረፋድ ላይ ነው። ገቡ፣ የብርጭቆውን ሰባራ በእግራቸው እየሸሹ አንድ በአንድ ተቀመጡ፣ ቦታ ሲጠፋ አልጋው ላይ፣ አልጋው ሲሞላ በሩ መቃን ላይ፣ ማንም ሰዓት አላየም።

“አሁን መጡ፣ እማዬ። የክፍል ልጆቼ መጡ። ብዙ ናቸው።”

“ታዲያ ለምን ድምፅ አልሰማም?”

“እያለቀሱ ነው። እዚህ እንዲህ ነው፣ ዝም ብለው ነው የሚያለቅሱት።”

እናት አሰበች። በዝምታ የሚለቀስ ለቅሶ በጭንቅላቷ ሊገባላት አልቻለም።

“አይሆንም” አለች። “እሱ እንዲህ አይሸኝም። ስልኩን መሬት አስቀምጪና አንቺ አውጪ፣ እነሱ ይቀበሉሽ።”

“ቋንቋውን አያውቁም እኮ፣ እማዬ።”

“አንዲት ቃል አያውቁም? አንዲት ቃል ስጫቸው።”

ልጅቷ ስልኩን ወለሉ ላይ አኖረችው። አልቅሳ አስለቅሳ አታውቅም፣ ይህ የትልልቅ ሴቶች ሙያ ነው፣ እሷ ገና ተማሪ ናት። ደረቷን ያዘች። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ወጣ።

“የቆመውን ሁሉ ያስነሣህ ከመንገድ፣
ልጅህን ሳታያት ምነው ቸኮልክ ለመሄድ፣
አባዬ!”

ፀጉር ሠሪዋ ተቀበለች። ሹፌሩና ልብስ ሰፊው በወፍራም ድምፃቸው ተከተሉ። ከዚያ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ባለ ትልቅ መነጽሯ መነጽሯን አውልቃ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ቃሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው እየፈራች አነሣቻት፣ “አባዬ” አለች። ረጅሟ ተከተለቻት፣ ከዚያ አልጋው፣ ከዚያ በሩ፣ ሁሉም ባልተገራ አፍ፣ እያጣመሙ፣ እየጎተቱ፣ “አባዬ”።

“እንዲያ ነው” አለች እናት ከወለሉ ላይ። “ድገሙት።”